የጉልበት ስፖርት በአራተኛ ፎቅ

የሰውን ደስታ ከአንድ እስከ አምስት እየለካሁ የምኖር ሰው ነኝ። ድርጅቶች አንድ ነገር ይጀምራሉ፤ ነገሩ ለሰው ጠቅሟል ወይስ አልጠቀመም የሚለውን ደግሞ መጥተው እኔን ይጠይቁኛል። እኔም ታብሌቴን ይዤ እዞራለሁ፤ "በጣም ረክቻለሁ ካሉ አምስት፣ ምንም አልረካሁም ካሉ አንድ" እላለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ቁጥሩን እደምራለሁ፣ በቀለም ያሸበረቀ ግራፍ እሠራለሁ፤ ይህ ግምገማ ይባላል። ባለቤቴ ሙያዬን ብዙም አትወደውም። አንድ ቀን የሠራችው ምስር ወጥ እንዴት እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ ከልማድ የተነሳ "አራት" አልኳት። ያን ሳምንት ወጥ የሠራሁት እኔ ነኝ።

የምኖረው ከዓለም ባንክ ሰፈር ወረድ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ አነስተኛ ድርጅት እኛ ብሎክ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንቶች በነፃ ስፖርት ማሠራት ጀመረ። ሥራ አስኪያጇ ትዕግስት ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ አብረን ነው የተማርነው፤ ግምገማውን እንድሠራላት የጠየቀችኝም እሷ ናት። ደግ ሰው ናት። የእናቷን ጉልበት ሕመም እያየች ስላደገች ነው ይህን ሐሳብ ያመጣችው። የተከራየችው ቤት ደግሞ ብርሃኑ ልክ የለውም። መስኮቱ ሲከፈት የቤቴል ጣሪያዎች ከእግር በታች ይዘረጋሉ፣ ወዲያ ማዶ ወጨጫ ተራራ ቁጭ ብሎ ይታያል፤ እዚያ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ሁሉ ያምራል። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለንም።

እናንተ ገና እዚህ ላይ ስትደርሱ ነገሩ ገብቷችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን በዲግሪ የተመረቅሁ፣ መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ ሌሎችን የማሠለጥን ሰው፣ ወራት ሙሉ ያንን ደረጃ እየወጣሁና እየወረድኩ አልገባኝም። ትዕግስትም አልገባትም። አሠልጣኙም አልገባውም። እንዲያውም አንድ ቀን ሦስታችን ቆመን፣ ደረጃው ለሰውነት ማሟሟቂያ ጥሩ ነው ብለን ተስማምተናል።

መረጃ መሰብሰብ የጀመርኩ ዕለት ልቤ ቅቤ ጠጣ። ጉልበት የሚለካው በቀላል ዘዴ ነው። ሰውየው ወንበር ላይ ይቀመጥና እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ምንም ሳይደገፍ ስንቴ ብድግ ቁጭ እንደሚል ይቆጠራል። እነዚያ አዛውንቶች ግን እንደ ፈንዲሻ ነው የሚዘሉት። አንድ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ሰዓቱ ካለቀ በኋላም አልቆምም ብለው በልመና ነው ያስቆምናቸው። እኔ በልቤ ይህ ስፖርት ተአምር ነው እላለሁ፤ ሰዎቹ ከመጀመሪያውም አራት ፎቅ የሚወጣ ጉልበት ያላቸው መሆናቸው ውል አላለኝም።

ከዚያ ወደ እርካታው ጥያቄ ገባሁ። የምጠይቃቸው ድርጅቱ ያፈላውን ሻይ ይዘው፣ የድርጅቱን ብስኩት እየነከሩ፣ አሠልጣኙ አጠገባቸው ቆሞ እየሳቀላቸው ነው። ሻይህን እየጠጣ፣ ዓይንህን እያየ፣ "ሁለት" የሚልህ ሽማግሌ በመላው ኮልፌ የሚገኝ አይመስለኝም። ሁሉም አምስት አሉ። አንዲት እናት ከአምስት በላይ እንደሌለ ስነግራቸው ቅር አላቸውና፣ ለባለቤታቸውም አንድ አምስት እንድጨምር አዘዙኝ። ባለቤታቸው ስፖርቱን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

ቀጥሎ የቀሩት ሰዎች ነበሩ፤ ተመዝግበው ሳለ ክፍሉ ውስጥ የማይታዩ። ብዙ ናቸው። ለእነሱ በስልክ ደወልኩ። እንግዲህ የእኛ አገር ሰው እንዴት ነህ ሲባል የሚመልሰውን ታውቁታላችሁ። አጎቴ ጣሪያ ሲጠግን ወድቆ፣ እግሩ በጀሶ ታሽጎ ወደ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ልጠይቀው ብሄድ፣ "ተመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ፤ አንተ ግን ከስተሃል" ነው ያለኝ። ይህን እያወቅሁ ደውዬ እንዴት ነዎት እላለሁ። ክርስቲያኑ ተመስገን፣ ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ ይለኛል፤ እኔም ታብሌቴ ላይ ጤንነት ጥሩ የሚለውን እነካለሁ። ስፖርቱስ ስላቸው ሠራተኞቹን በሙሉ ይመርቃሉ። ታዲያ ለምን ቀሩ ስላቸው፣ እንዲያው አልመች ብሎኝ ነው ልጄ ይላሉ።

ታብሌቴ ላይ አልመች ብሎኝ የሚል ምርጫ የለም። ያሉት ምርጫዎች አካባቢ ለቅቀዋል፣ ሥራ ይዘዋል፣ አርፈዋል እና ፍላጎት አጥተዋል የሚሉ ናቸው። ስልክ ያነሳ ሰው አላረፈም። በዚያ ዕድሜ አዲስ ሥራም አልያዘም። ስለዚህ ለሁሉም ፍላጎት አጥተዋል እያልኩ ሞላሁ። ሕሊናዬ ምንም አላለኝም፤ እኔም የድርጅቱን ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ሪፖርቱ ሲያልቅ እኔው ራሴ ተደነቅሁበት። የሠልጣኞቹ ጉልበት ግሩም፣ እርካታቸው ሙሉ፣ የቀሩትም ወደው የቀሩ። ከዚህ ተነስቼ የመጨረሻውን ምክሬን ጻፍኩ፤ በዚህ አካባቢ የጉልበት ችግር በአብዛኛው ስለተቀረፈ ፕሮግራሙ እዚህ ተዘግቶ ወደ አስኮ ቢሄድ መልካም ነው አልኩ። ትዕግስት ደስ አላት፣ ድርጅቱን በገንዘብ የሚረዱት ለጋሾችም ደስ አላቸው፣ ሐሙስ ዕለት መጥተህ ለእኛ ለሠራተኞቹ አቅርብ ተባልኩ። አስኮ ውስጥም መስኮቱ የሚያምር ክፍል ተገኝቶ ነበር። አምስተኛ ፎቅ ላይ።

የቀረኝ የሽፋን ፎቶ ብቻ ነው። ሕንፃውን ከነመስኮቱ ከነሰማዩ ላነሳው ፈለግሁ። ስልኬን ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ አራተኛ ፎቅ አልገባ አለኝ። ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ። አራተኛው ፎቅ ሙሉ በሙሉ በገባ ቅጽበት እኔም ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ውስጥ ገባሁ። ፎቶው አምሮ ወጥቷል፣ ይህን መካድ አልችልም። ጎረቤቶቼ ጎትተው አወጡኝና አየር ጤና አካባቢ ያለ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ወጌሻው አልተሰበረም ወልቆ ነው አለኝ፤ ቁርጭምጭሚቴን በቅቤ እያሸ ስለ ልጆቹ ትምህርት ሲያጫውተኝ ቆየና፣ እኔ ስለ ሒሳብ መምህሩ እየጠየቅሁት ሳለሁ ድንገት መለሰው። ጩኸቴ ቤቴል ሳይሰማ አልቀረም። እግሬ እንደ ጥቅል ጎመን ተጠቅልሎ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ቤቴ ምድር ላይ ስለሆነ እስከ ደረጃው ድረስ ችግር አልነበረም። በአንድ እጄ የደረጃውን ብረት፣ በሌላው የባለቤቴን ጃንጥላ፣ ላፕቶፔን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተያያዝኩት። ደረጃ እንደዚያ ረጅም መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም። አንደኛ ፎቅ ስደርስ ላቤ ተንቆረቆረ፤ ሁለተኛውን ቀና ብዬ ሳየው ደግሞ ሊያለቅስ የቃጣው ሕፃን ሆንኩ።

እዚያ መታጠፊያው ላይ አዛውንቶች በርጩማና የፕላስቲክ ወንበር ደርድረው ተቀምጠዋል። አዲስ ነገር አልነበረም። ወራት ሙሉ እንደምን ዋላችሁ እያልኩ ደረጃውን እየዘለልኩ በአጠገባቸው አልፌያለሁ። ፀሐይ የሚሞቁ ይመስለኝ ነበር። እዚያ መታጠፊያ ላይ ፀሐይ ገብታ አታውቅም።

ከመካከላቸው ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር እግሬን አዩና ባዶ በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ።

"ና ቁጭ በል። ይሄ ፌርማታ ነው፤ ከዚህ በላይ መኪናው አይሄድም።"

ተቀመጥኩ። ወዲያው ከላይ የአሠልጣኙ ድምፅ በደረጃው መሐል ቁልቁል መጣ፤ ክንድ ወደ ላይ፣ ክንድ ወደ ታች ይላል። አጠገቤ ያሉት ሁሉ ክንዳቸውን አነሱ። ነገሩ ስላልገባኝ እኔም አነሳሁ። ቀጥሎ አሠልጣኙ ከወንበር ተነሱ አለ። ማንም አልተነሳም። ጋሽ ወርቁ ይሄኛው የላይኞቹ ነው ብለው አስረዱኝ።

ቀስ በቀስ ነገሩን አወጡልኝ። ሁሉም የተመዘገቡ ናቸው። ልጆቻቸው ስፖርት ጀመሩ ብለው ደስ ስላላቸው፣ ያንን ደስታ ላለማበላሸት በሰዓቱ ሽክ ብለው ከቤት ይወጣሉ፤ እስከ ፌርማታው ይደርሳሉ፤ በድምፅ የሚመጣላቸውን ያህል ሠርተው፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ላብ በላብ እንደሆነ ሰው ግንባራቸውን እየጠረጉ ይመለሳሉ። ቤት ውስጥ ስፖርቱ እንዴት ነው ሲባሉም ተመስገን ይላሉ።

አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ዘይነባ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ኮልፌ ገበያ ቅመም ሲነግዱ የኖሩ። ልጃቸው አግብታ የምትኖረው ፊት ለፊታችን ባለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ያረሷት የባሏ እናት ናቸው፤ እሳቸው ደረጃ መውጣት ይችላሉና። እማማ ዘይነባ ግን የገዛ ልጃቸውን አራስ ቤት አላዩም። ገንፎውን ሠርተው በሰው ይልካሉ፤ እሳቸው ታች ቆመው በረንዳው ላይ የተሰጣውን የሕፃን ጨርቅ እያዩ ይመለሳሉ። አሁን ልጃቸው ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች።

"እኔ ልጄ ቤት መውጣት እንድችል ብዬ ተመዘገብኩ" አሉኝ። "ለመውጣት እንድማር ደግሞ ውጪ አሉኝ።"

ታዲያ ሰው ሲጠይቃችሁ ለምን ይህን አልተናገራችሁም ብዬ ተቆጣሁ። አዎ፣ እኔ ነኝ የተቆጣሁት። በነፃ የሚያሠራን ሰው ቤትህ ሩቅ ነው ማለት ነውር ነው አሉ እማማ ዘይነባ። ጋሽ ወርቁ በበኩላቸው ስለ ደረጃ የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። አንድ ሰውዬ ደውሎ ሰላም ብሏቸዋል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁም ያንተን ይመስላል አሉኝ። እኔ የእግሬን ፋሻ ማስተካከል ጀመርኩ።

ስልኬ ጮኸ። ትዕግስት ናት፤ የት ደረስክ አለችኝ። አንደኛ ፎቅ ነኝ፣ ከዚህ በላይ መውጣት አልቻልኩም ስላት፣ ግድ የለም እኛ እንመጣለን ብላ አሠልጣኙን አስከትላ ወረደች። እኔ ታምሜ ሳልወጣ ስቀር ስብሰባው ወደ እኔ ለመውረድ ደቂቃ እንዳልፈጀበት ልብ በሉልኝ፤ እኔ ያኔ ልብ አላልኩም። ላፕቶፔን በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ አዛውንቶቹ እንደ ቴሌቪዥን ከብበውኝ፣ ግራፉን ከፈትኩ።

ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። አረንጓዴው ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ጉልበታቸው የጠነከረ ሰዎች ናቸው አልኳቸው።

"እኛስ የቱ ጋ ነን?"

መዋሸት ይቻል ነበር፤ አላሰብኩትም ብላችሁ አትመኑኝ። ግን እማማ ዘይነባም አንገታቸውን አስግገው ራሳቸውን እየፈለጉ ነበር። ጥግ ላይ ያለችውን ግራጫ አሳየኋቸው። ምን ይላል አሉ። ፍላጎት ያጡ ይላል አልኩ።

"በየቀኑ እየመጣን?" አሉ ጋሽ ወርቁ።

ማን ጻፈው ብለው ሳይጠይቁኝ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው፤ የደወልኩትም እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቱቦውም ቅርብ ነበር። ከዚያ እማማ ዘይነባ የተጠቀለለውን እግሬን አዩ፣ ጃንጥላዬን አዩ፣ ወደ ላይ የሚሄደውን ደረጃ አዩ።

"አይዞህ ልጄ" አሉኝ፤ "አንተም ዛሬ ፍላጎት አጥተህ ነው።"

ፌርማታው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ጥሩ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። ያልሳቀችው ትዕግስት ብቻ ናት። ደረጃውን ቀና ብላ እያየች ቆየችና፣ እናቷ አንድም ቀን መጥታ እንደማታውቅ ነገረችን። ነይ ባለቻት ቁጥር ተመስገን፣ እመጣለሁ ትላታለች። እሷም እናቴ ሰነፈች ብላ ትቀየማት ነበር።

በማግሥቱ ሪፖርቱን ቀደድነው። ማለቴ ከላፕቶፔ ላይ አጠፋሁት፤ መቅደድ ግን የበለጠ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ለኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ አመልክተን ኮሚናሉን ጠየቅን። ኮሚናል ማለት ነዋሪው በጋራ እንዲያርድበትና ልብስ እንዲያጥብበት ምድር ላይ የተሠራ ቤት ነው። የእኛው ግን የኮሚቴው ሊቀመንበር አሮጌ ሶፋዎች ማረፊያ ነበር። ሊቀመንበሩ ለሶፋዎቹ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ የገዛ አማታቸው ከፌርማታው ሰዎች አንዷ መሆናቸው ሲነገራቸው፣ ሶፋዎቹ በአንድ ቀን ወጡ።

ኮሚናሉ ጨለማ ነው። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ብሎክ ግድግዳ ነው፤ እዚያ ፎቶ ብትነሱ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ሰው ግን ሞላው። የድሮዎቹም ወርደው መጡ፤ የስፖርት መምህሩ ብቻ ማሟሟቂያ ስለቀረባቸው አጉረመረሙና፣ አራተኛ ፎቅ ደርሰው እየተመለሱ ይገቡ ጀመር። የትዕግስት እናትም ከቤቴል በታክሲ መጡ።

ጥያቄዎቼንም ቀየርኩ። ሻይና አሠልጣኝ በሌሉበት፣ በየቤታቸው እየሄድኩ፣ ባለፈው ሳምንት ሊሄዱ ፈልገው ያልሄዱበት ቦታ አለ ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅሁ። እንዴት ነዎት ሲባሉ ተመስገን የሚሉት ሰዎች አፋቸው ተከፈተ። መስጊድ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጉሊት፣ የወንድም ቤት፣ የልጅ ልጅ ምርቃት። ጋሽ ወርቁ አስኮ ድረስ ሄደው የድሮ ጓደኛቸውን ማየት እንደሚፈልጉ፣ ግን የአውቶቡስ መወጣጫ እንደሚከብዳቸው ነገሩኝ። አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው መሳፈር ሲያቅተው እንዴት እንደሚያሳፍር ሲያወሩልኝ የታብሌቴ ባትሪ አለቀ፤ እኔም ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

ከዚያ የወንበሩ ልኬት ተሠራ። ውጤቱ ዘጭ አለ። በሙያዬ ያን ያህል የወረደ ግራፍ ሠርቼ አላውቅም። እማማ ዘይነባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ታገሉ፣ ታገሉ፣ አልተነሱም፤ ዜሮ ጻፍኩ። ለጋሾቹ ትዕግስትን ጠርተው፣ ቦታ ከቀየራችሁ ወዲህ ነው የሰዎቹ ጉልበት የከፋው ወይ ብለው ጠየቋት። የማንም ጉልበት አልከፋም፣ ድሮ ውጪ የቀሩት አሁን ስለገቡ ነው ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ከእንግዲህ እያንዳንዱን ሰው ከራሱ መነሻ ጋር ነው የምናነጻጽረው አልኩ። አንደኛው እሺ አለ። ሌላው ግን ዜሮ ያገኙት ቢወጡና ስማቸው ለጊዜው ቢቆይ አማካዩ ያምራል የሚል ሐሳብ አመጣ። ትዕግስት እናቷ ዜሮ ካገኙት አንዷ እንደሆኑ ነገረችው። ሐሳቡ በዚያው ቀረ። ፕሮግራሙም እዚሁ ሰፈራችን ቀጠለ፤ አስኮ ሌላ ክፍል እየተፈለገ ነው፣ ምድር ላይ።

ለሁለተኛው ልኬት ስንሰናዳ ብዙዎቹ ተሻሽለው ነበር፤ አንዳንዶቹ አልተሻሻሉም፣ እሱንም ጻፍኩት። እማማ ዘይነባ ግን ጠፉ። አንድ ቀን ቀሩ፣ በነጋታውም ቀሩ። አሠልጣኙ በልምምዱ ጥሩ እየሄዱ እንደነበር ነገረኝ። ስልካቸው አይነሳም። ታብሌቴ ላይ ከቀሩት ጎራ ገብተው ነበር። ከዚህ ቀደም ቢሆን እዚያው ቁጭ ብዬ ምክንያቱን እሞላላቸው ነበር። አሁን ግን ልቤ ፈርቶ ቤታቸው ሄድኩ። ወንድ ልጃቸው እየሳቀ ወደ ፊት ለፊቱ ብሎክ ጠቆመኝ።

አራት ፎቅ ወጣሁ። በሩን የከፈቱልኝ የልጃቸው አማት ናቸው፤ ጠያቂ ሆነው መጥተዋል። እማማ ዘይነባ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሕፃን ታቅፈዋል። በየመታጠፊያው ቁጭ እያሉ፣ የግማሽ ቀን ያህል ፈጅተው እንደወጡ፣ ከወጡም ወዲህ አንዴም እንዳልወረዱና አራሷን እያረሱ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም ደስ ስላለኝ የማወራው ጠፋኝና፣ እንደ ቂል ሰው የመጣሁበትን ሥራ አነሳሁ። ብድግ ቁጭ የምትለዋን እንለካለን፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ ቢያጣምሩልኝ አልኳቸው።

"እጄ መቼ ባዶ ሆኖ ነው ልጄ" አሉኝ።

ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብዬ ታብሌቴን ሳጥፍ አራሷ ከውስጥ ተጣራች። እማማ ዘይነባ ሕፃኗን በሁለት እጃቸው እንደታቀፉ ከሶፋው ብድግ አሉና ወደ ልጃቸው ገቡ።